አሮጌ መኪና ሲፈታ ገንዘቡ የት ይጠፋል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ያገለገለ መለዋወጫ በጋዜጣ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ስርቆት ነው። ሌሊት የተነቀለ ስፖኪዮ፣ ከቆመ መኪና የተወሰደ የሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር፣ የራሱን ዕቃ የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ሄዶ መልሶ የገዛ ባለመኪና። ይህ እውነት ነው፤ መጻፉም ተገቢ ነው። ሆኖም በሕጋዊ መንገድ የተገዛ አሮጌ ወይም የተጋጨ መኪና ፈትቶ ዕቃውን መሸጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ብዙ ቤተሰብም ያስተዳድራል። ስለ አሠራሩ የሚጽፍ ግን የለም። ስለዚህ በጋራዥና በመለዋወጫ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ የምናውቀውን ልናካፍል ወደድን።

ጉዳዩን አሁን ማንሳት ያስፈለገን በምክንያት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን በጣም አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ተለውጦ ብር ሲዳከም አዲስ መለዋወጫ የብዙ ባለመኪና አቅም የማይደርስበት ሆነ። መንገድ ላይ ያሉት ዲኤክስ፣ ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ሃይሉክስና ዶልፊን ግን ገና ብዙ ዓመት መሄዳቸው አይቀርም። የሚሄዱትም በአብዛኛው ከሌላ መኪና ላይ በወረደ ዕቃ ነው። ይህን ያዩ ብዙ ሰዎች ትንሽ ግቢ እንዳገኙ የተጋጨ መኪና ገዝተው ወደ መፍታት እየገቡ ነው። ጥቂቱ ያተርፋል፤ ብዙው ግን በማያውቀው ቦታ ገንዘቡን ያፈሳል።

ኪሳራው የሚጀምረው ከግዢው ነው። አዲስ ገቢ ገዢ የሞተሩን፣ የካምቢዮውን፣ የበሮቹን፣ የመብራቱንና የወንበሩን ዋጋ ደምሮ ከመግዣው ሦስት እጥፍ እንደሚያወጣ ያሰላል። ድምሩ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ያልተሰላው ጊዜው ነው። ከአንድ መኪና ላይ ቶሎ የሚሸጡት ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ የፊት ለፊቱ ክፍል ማለትም መብራት፣ ፓራውልት፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎና ራዲያተር፣ ከዚያም ኮምፒውተሩና ጎማ ከነቸርኬው ናቸው። የኋላ ወንበር፣ የጣሪያ ልባስ፣ ክሩስኮት (ዳሽቦርድ)፣ የኋላ በር መስታወት ዓመት ሙሉ አቧራ ለብሰው ሊቀመጡ ይችላሉ። እኛ የምንሠራበት ልክ ይህ ነው፦ መግዣው፣ ማስጎተቻው፣ የግቢ ኪራዩና የሠራተኛው ክፍያ ተደምሮ ከእነዚህ ከአምስቱ ዕቃዎች በሦስት ወር ውስጥ የማይመለስ ከሆነ መኪናው ተወዷል፣ አይገዛም። የቀረው ዕቃ ሁሉ ትርፍ ነው፤ ትርፍ ደግሞ መጠበቅ ይችላል።

የግጭቱ ዓይነት ከመኪናው ዕድሜ ይበልጣል። ከኋላ የተመታ መኪና ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ሞተሩና በገበያ ላይ በጣም የሚፈለገው የፊት ክፍል ደህና ነው። ፊት ለፊት የተጋጨ ከሆነ ራዲያተሩ ላይ ብቻ ዓይን መጣል አይበቃም። ምቱ ወደ ውስጥ ገፍቶ የሞተሩን መያዣና የካምቢዮውን ቆዳ (የውጭ ሽፋኑን) ሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ የካምቢዮ ቆዳ አልሙኒየም ስለሆነ ስንጥቁ ከጭቃ ሥር አይታይም፣ ታጥቦ መታየት አለበት። ጎርፍ የገባበት መኪና ላይ ኮምፒውተሩንና ገመዱን ዋጋ አንሰጣቸውም። ዛሬ ቢሠሩም ሶኬቶቹ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ይጀምራል፤ ከወራት በኋላ ደንበኛው ይዞት ይመለሳል። የተገለበጠ መኪና ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። ጣሪያውና መስታወቱ ቢጠፋም ከሥሩ ያለው ዕቃ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ነገር ግን መኪናው ተገልብጦ ሲቆይ የሞተር ዘይት ወደ ሲሊንደሮቹ ይወርዳል። አንድ ሰው ተቻኩሎ ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ቢያዞር ዘይት የማይታመቅ ነገር ስለሆነ ፒስተኑ መውጫ ያጣና ቢዬላው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ይታጠፋል። ደህና የነበረ ሞተር በአንድ የቁልፍ ዙር ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ካንዴላዎቹን (እሳት ሰጪዎቹን) ሁሉ ማውጣት፣ ሞተሩን በእጅ በቁልፍ ሁለት ሦስት ዙር ማዞር፣ ዘይቱ በካንዴላው ቀዳዳ ተተፍቶ ሲያልቅ ብቻ ሞተሪኖውን መሞከር።

የተጋጨ መኪና በብዛት የሚገኘው ከኢንሹራንስ ድርጅቶችና ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጨረታ ነው። ጨረታው ሁልጊዜ «ባለበት ሁኔታ» የሚል ቃል አለው፤ ሲፒኦ (የባንክ ክፍያ ማዘዣ) አስይዞ ያሸነፈ ሰው በኋላ ጎደለ ብሎ መከራከር አይችልም። ስለዚህ ከዋጋው በፊት አራት ነገሮች ይጣራሉ። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑ፣ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑ፣ የስም ማዛወሪያውን ወጪ ማን እንደሚከፍል፣ እንዲሁም መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆን አለመሆኑ። የመጨረሻው ብዙ ሰው አክስሯል። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዛወርም። ቀረጡ ሲታሰብም ለተሰባበረ መኪና ከገዙበት ዋጋ የሚበልጥ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል? በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ ሲኬድ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ይታያል። ሞተር የቀየረ ባለመኪና አዲሱ የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ እንዲሰፍርለት ሞተሩን ከየት እንዳገኘው ማሳየት አለበት። ደረሰኝና የዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) ኮፒ ያለው ሞተርና ወረቀት የሌለው ሞተር በብረትነታቸው አንድ ናቸው፤ በዋጋ ግን በጣም ይራራቃሉ። ወረቀት የሌለውን የሚገዛው ፈታትቶ ለውስጥ ዕቃው የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። የመኪናውን ሰነድ መጀመሪያ ኮፒ አድርጎ ሳይዝ ሊብሬውን ለደላላ አሳልፎ የሰጠ ሰው የሞተሩን ዋጋ አብሮ አሳልፎ ሰጥቷል።

ወደ መፍታቱ እንምጣ። መኪናው መነሳት የሚችል ከሆነ ሳይነሳና ሳይሰማ አንድ ብሎን መፈታት የለበትም። ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዳለ ይነሳል፤ የጠዋት ጭሱና ድምፁ ብዙ ይናገራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቱን፣ የማያባራ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያሳያል። የዘይት መክፈቻው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል ማለት ነው። ሁሉም በስልክ ቪዲዮ ይቀረጻል፣ የሞተር ቁጥሩም በዚያው ቪዲዮ ላይ ይታያል። ሲሠራ የታየ ሞተር መሬት ላይ ከተቀመጠ ሞተር የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ገዢው ገንዘቡን በግምት ስለማያወጣ ነው።

ከዚያ የኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት፣ ልኬት ይመጣል። እዚህ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚሠራ ስህተት ስላለ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የነዳጅና የእሳት ሶኬቶች ተነቅለው፣ የነዳጅ መርገጫው እስከ ታች ተረግጦ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ እያንዳንዱ ሲሊንደር ይለካል። መርገጫው ካልተረገጠ አየር ስለማይገባ ጤነኛው ሞተር የደከመ ይመስላል። ለኮሮላው 5ኤ ሞተር የአምራቹ የጥገና መጽሐፍ የሚለው 13 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ ከ10 ባር ከወረደ ሞተሩ አርጅቷል ይላል። ይህ ቁጥር ግን ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሞተሩ የሚያምቀው ያገኘውን አየር ስለሆነ የሚያሳየውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ 10 ባር የሚያሳይ 5ኤ ሞተር አዲስ ለመሆን የቀረበ ነው፤ 8 ባር የሚያሳየውም ገና ይሠራል። መጽሐፉን እያሳዩ ደህናውን ሞተር «ኮምፕሬሽን የለውም» ብለው በብረት ዋጋ የገዙ ደላሎች አሉ፤ የሸጠው ሰው አያውቅም፣ እነሱ ግን ያውቃሉ። ያው ሞተር ድሬዳዋ ወርዶ ቢለካ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፣ ሰመራ ደግሞ ከዚያም በላይ። በከፍታ የማይለወጠው ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ ያላቸው ንጽጽር ነው። አራቱም በአንድ ባር ውስጥ ከተቀራረቡ ሞተሩ እኩል አርጅቷል። አንዱ ብቻውን ከወረደ ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ተጨምሮ እንደገና ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ተበልቷል፣ ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ ቫልቭ ላይ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቷል። ውጤቱ በማርከር ሞተሩ ላይ ይጻፋል፣ የተለካበት ከተማም እንዲሁ።

መፍታት ሲጀመር በቅድሚያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይነካ መቆየት አለበት፤ በኤርባግ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል ባትሪው ከተነቀለ በኋላም ሊያፈነዳው ይችላል። ከዚያ ፈሳሹ ሁሉ በየጀሪካኑ ይቀዳል። ከአንድ ኮሮላ ከ3 እስከ 4 ሊትር የሞተር ዘይት፣ ከ5 እስከ 6 ሊትር የራዲያተር ውሃ፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የፍሬን ዘይትና የቀረው ነዳጅ ይወጣል። ቤንዚኑ የሚቀዳው ግቢ ላይ፣ ከብየዳና ከግራይንደር ርቆ ነው። ባዶ የነዳጅ ታንክ ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ መሆኑን ደጋግመን እንናገራለን፤ በውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገኝ አንድ የግራይንደር ብልጭታ ይበቃዋል። ታንክ አይቆረጥም፣ አይበየድም፤ ተፈትቶ እንዳለ ይሸጣል።

ቀጥሎ የሚወጣው የውስጥ ዕቃና ኤሌክትሪኩ እንጂ ሞተሩ አይደለም። ሞተር ሲወርድ ዘይትና አቧራ በየቦታው ይበተናል፣ ወንበርና ክሩስኮት ይበላሻል። ኤሌክትሪክ ላይ በገበያችን በየቀኑ የምናየው ጥፋት አለ፦ ገመድን በፒንሳ መቁረጥ። ኮምፒውተሩ የአንድ ጣት ርዝመት ገመድ አንጠልጥሎ ገበያ ላይ ይወጣል። ሻጩ፣ ገዢው ኤሌክትሪሽያን ለምን ዋጋ ቀንሶ እንደሚከፍል አይገባውም፤ ሃያ ሠላሳ ቀጫጭን ገመዶችን አንድ በአንድ መቀጠል ስላለበት ነው። እያንዳንዱ ሶኬት መቆለፊያ ምላስ አለው፤ በካቻቢቴ ጫፍ ተጭኖ ሲሳብ ይወጣል። ሙሉ ገመዱ ሳይቆረጥ ቢወጣ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ሆኖም ሙሉ ገመድ የሚፈልግ ተቃጥሎበት የተቸገረ ደንበኛ ሁልጊዜ አለ። የተቆረጠው ግን ለመዳብ በኪሎ ነው የሚሄደው። ኢሞቢላይዘር (የስርቆት መከላከያ) ያለው መኪና ላይ ኮምፒውተሩ፣ የመሪው ቁልፍ ቤትና ቺፕ ያለው ቁልፍ አንድ ላይ ታስረው ይሸጣሉ። ቁልፉ የጠፋበት ኮምፒውተር ሌላ መኪና አያስነሳም።

ሞተርና ካምቢዮ የሚወርዱት በአንድ ላይ ሆነው፣ ቢያንስ አንድ ቶን በሚችል ሰንሰለት ማንሻ ነው። መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ከሥሩ ሰው መግባት የለበትም፤ ካቫሌቶ (ቋሚ የብረት መደገፊያ) ይደረግለታል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ኮንቨርተሩን (ኃይሉን ከሞተር ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈውን) ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ዲስክ) ጋር ያያዙት ብሎኖች በሞተሩ ሥር ባለችው ትንሽ መስኮት በኩል፣ ሞተሩ እየዞረ፣ አንድ በአንድ ይፈታሉ። ይህን ሳያደርግ ካምቢዮውን የሚጎትት ሰው ኮንቨርተሩን ሞተሩ ላይ ትቶት ይመጣና የካምቢዮውን የፊት ፓምፕና የዘይት መከላከያውን ይሰብራል። ሴሚያሱን (ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ) ደግሞ ዘንጉን ይዞ መጎተት የውስጥ መገጣጠሚያውን ያለያየዋል፤ ከካምቢዮው ሥር በብረት ተፈንቅሎ ነው የሚወጣው። ቴስታታ መፍታት ካስፈለገ ብሎኖቹ ከዳር ወደ መሐል፣ በሁለትና በሦስት ዙር ቀስ በቀስ ይላላሉ። በአንድ ጊዜ አንዱን ጨርሶ መፍታት አልሙኒየሙን ያጣምመዋል፣ የሚፈቀደው መጣመም ደግሞ 0.05 ሚሊሜትር ነው፤ በዓይን የማይታይ ነገር ነው።

የዛገ ብሎን በመዶሻ አይፈታም። ማታ ናፍጣና ዘይት ተቀላቅሎ ይቀባል፣ ጠዋት ይፈታል። ቶዮታ ላይ አብዛኛው ብሎን 10፣ 12፣ 14ና 17 ቁጥር ስለሆነ ጥሩ ቁልፍ በእነዚህ መጠኖች መግዛት ይበቃል፤ በላላ ቁልፍ ራሱ የተበላ ብሎን የሚበላው ሰዓት ከቁልፉ ዋጋ ይበልጣል። ዕቃው ሲወርድ ደግሞ ብሎኑ ወደ መጣበት ቀዳዳ ይመለሳል። ሞተር ከነብሎኖቹና ከነመያዣዎቹ ሲሸጥ ገዢው ሜካኒክ ለመግጠም የሚያባክነው ጊዜ የለውም፤ እንዲህ ያለ ሻጭ ጋ ተመልሶ ይመጣል።

የማስቀመጡ ሥራ እንደ መፍታቱ ይታሰብ። ሞተሩ ዝናብ በማያገኘው ቦታ፣ በእንጨት ላይ፣ የአየር መግቢያው፣ የጭስ መውጫውና የውሃ ቱቦዎቹ በጨርቅና በፕላስቲክ ተደፍነው ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ትንሽ ዘይት ተጨምሮ ካንዴላው ይመለሳል፤ በየወሩ አንድ ዙር በእጅ ይዞራል። ክረምቱን እንዲሁ ተከፍቶ የቆየ ሞተር ፋሻው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ዝጎ ይጣበቃል። በር ከነመስታወቱ ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይከመርም። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ የመኪናው ዓይነት፣ የሞዴል ዓመት፣ የሻንሲው የመጨረሻ ስድስት ቁጥርና ቀኝ ወይም ግራ መሆኑ ይጻፋል። የቀለም ቁጥሩም ሞተሩ ክፍል ውስጥ ወይም በሩ ምሰሶ ላይ ካለው ትንሽ ሰሌዳ ተገልብጦ ይጻፋል፤ ቀለሙ የሚመሳሰል በር ያገኘ ደንበኛ የቀለም ወጪ ስለሚቀርለት ጨምሮ ይከፍላል።

መብራት ላይ አንድ የምናሳስበው ነገር አለ። አገራችን በቀኝ መስመር ትነዳለች። ከጃፓን የገቡና መሪያቸው የተቀየረ መኪኖች ግን ብዙዎቹ የመጀመሪያውን መብራታቸውን ይዘዋል። የጃፓን መብራት ዝቅተኛው ብርሃን በግራ በኩል ከፍ ይላል፣ የእነሱ መንገድ ዳር በዚያ በኩል ስለሆነ። እዚህ ሲበራ ያ ከፍ ያለ ብርሃን በቀጥታ ከፊት በሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ያርፋል። ሻጩ መብራቱን ማታ ግድግዳ ላይ አብርቶ ማየት ይችላል፦ የብርሃኑ ጠርዝ ወደ ቀኝ የሚወጣው ነው ለእኛ መንገድ የሚሆነው።

በምንም ዋጋ መሸጥ የሌለባቸው ዕቃዎችም አሉ። ያገለገለ የፍሬን ሸራና የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ በግጭት ጊዜ የሰውን ክብደት የያዘ የደህንነት ቀበቶ፣ ኤርባግ፣ የመሪ ቴስቲና (የመሪ መገጣጠሚያ)፣ የታይሚንግ ቺንጋ። የተፈነዳ ኤርባግ ሽፋኑን ሰፍቶ መሸጥ በሰው ሕይወት መነገድ ነው። ጎማ ላይ ደግሞ ጥርሱ ብቻ አይታይም። በጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፦ 2315 ማለት በፈረንጆቹ 2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ አሥር ዓመት የሞላው ጎማ በቆላ መንገድ ላይ ሙቀት ሲያገኘው ሊፈነዳ ይችላል።

ስለ ጤና የሚነገረው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነናል፤ በዚህ ሥራ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። የመኪና ባትሪ ከ12 እስከ 16 ኪሎ ይመዝናል፣ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው። በግቢ ውስጥ ሰብሮ እርሳሱን ማቅለጥ ጢሱን ለሚተነፍሰው ሠራተኛና በዚያ መሬት ላይ ለሚጫወት ሕፃን መርዝ ነው፤ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ባትሪ ሙሉውን እንዳለ፣ አሲዱ ሳይደፋ ይሸጣል። የድሮ መኪኖች የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል የፍሬን አቧራ በአየር ግፊት አይነፋም፣ በውሃ እርጥብ ተደርጎ ይጸዳል። የራዲያተር ፀረ ዝገት ፈሳሽ ጣፋጭ ነው፣ ውሻና ሕፃን ይጠጡታል፣ ኩላሊት ይገድላል፤ ክፍት ሳህን ላይ አይቀመጥም። ዘይት ወደ ቱቦ ማፍሰስ ደግሞ በአደገኛ ቆሻሻ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 በሚሸፈነው ጉዳይ ውስጥ ይገባል። የተቃጠለ ዘይት የሚገዙ ሰዎች ስላሉ ማፍሰስ ኪሳራም ነው። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (የጭስ ማጣሪያውን) ማንም ሰው በግራይንደር ሰንጥቆ የውስጡን ሸክላ መሰል ነገር አያውጣ፤ ዋጋው ያለው በዚያ ውስጥ ባሉት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ነው፣ ሲሰነጠቅ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል።

የኤሌክትሪክ መኪኖችም መጋጨት ጀምረዋል። ቢዋይዲ፣ የቮልስዋገን አይዲ 4ና አይዲ 6 በጨረታ ሲቀርቡ የቤንዚን መኪና ሲፈታ የኖረ ሰው በለመደው መንገድ ሊገባባቸው አይገባም። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ገመድ ሁሉ ከ300 ቮልት በላይ ይዟል፤ ለመግደል የቤት መብራት 220 ቮልት እንኳ ይበቃል። ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ይነቀላል፣ ከዚያ የትልቁ ባትሪ ማቋረጫ ለ1,000 ቮልት በተሠራ የጎማ ጓንት ይወጣል፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል፣ ዜሮ መሆኑ በመለኪያ ይረጋገጣል። ጓንቱ ቀዳዳ እንደሌለው በየጊዜው አየር ተነፍቶበት ይታያል። ከሥሩ የተመታ ባትሪ ከቤትና ከሌላ መኪና ርቆ ይቀመጣል፤ ዛሬ ደህና መስሎ ከቀናት በኋላ በራሱ እሳት ሊነሳበት ይችላል። ለፀሐይ ኃይል ማጠራቀሚያ እንሸጠዋለን ብለው ሴሎቹን የሚፈቱ ሰዎች እየመጡ ነው፤ ሥልጠናውና መለኪያው ከሌላቸው ይተዉት።

በመጨረሻ የሚመለከታቸውን አካላት የምንጠይቀው ነገር አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ያስቀመጠው ምዝገባ መኪናው ከአገልግሎት ሲወጣ መዘጋት አለበት። አሁን የሚፈቱት ብዙዎቹ መኪኖች ግን ተፈትተው አልቀው ሊብሬያቸውና ታርጋቸው በሰው እጅ ይዞራል። የሻንሲ ቁጥሩን ቆርጦ በተሰረቀ መኪና ላይ የሚለጥፍ ወንጀለኛ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። መኪና የሚፈታ ሰው ታርጋና ሊብሬውን ለመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሲያስረክብ በምትኩ አንድ ገጽ ምስክር ወረቀት ቢሰጠው፣ በእሱም ላይ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የሞተር ቁጥሩ፣ የተሰረዘበት ቀንና የፈታው ነጋዴ የንግድ ፈቃድ ቁጥር ቢሰፍር፣ ሞተሩን የገዛ ሰው በዚያው ወረቀት ኮፒ ሊብሬው ላይ ማስመዝገብ ይችላል። ሻንሲው ላይ ያለው ቁጥርም በዚያው ዕለት ባለሙያ ባለበት ይቆረጥና ከፋይሉ ጋር ይያያዝ። ይህ ሲሆን ወረቀቱ ለሕጋዊው ፈቺ ገንዘብ ስለሚያስገኝለት ሳይገደድ ይመጣል፤ ወረቀት ማቅረብ የማይችለው ሻጭ ደግሞ ሞተሩን በብረት ዋጋ ካልሆነ መሸጥ ይቸግረዋል። እስከዚያ ድረስ ገዢዎች ሞተር ሲገዙ የሞተሩን ቁጥር በስልክ አንስተው ከደረሰኙ ጋር ያመሳክሩ፤ ደረሰኙ ላይ ቁጥሩ ካልተጻፈ ሻጩ ፊት ለፊታቸው ጽፎ እንዲፈርምበት ይጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በጋራዥና በመለዋወጫ ሥራ ላይ የተሰማሩ አንባቢዎቻችሁ
አዲስ አበባ